ሳይቆጠር ምሳ የለም

ጂንካ ገበያ ኮረሪማ ይዞ የሚመጣ ሰው አረጋሽን ከሩቅ ሲያያት ከረጢቱን ወደ ሌላ ሰው ያዞራል። ምክንያት አለው። አረጋሽ ኮረሪማውን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትወዘውዘዋለች፣ አንዱን ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች፣ ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ ከረጢቱ ውስጥ ትከትና ከሥር ዘግና ታወጣለች። ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ አድርጎ ያመጣ ሰው ያን ቀን ስሙ እስከ አውሮፕላን ሜዳው ድረስ ይሰማል። ባሏ ጅሩ ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ እንኳ "ከየት መጣህ?" ሲባል ምስክር ጠርቶ ነው የሚመልሰው እየተባለ ይታማል። እሱም አያስተባብልም፤ ለማስተባበልም ምስክር ያስፈልገዋላ።

ቀበሌዋ ለወረዳው ምክር ቤት የመረጣት ለዚሁ ጠባይዋ ነው። ከሷ በፊት የነበረው ተወካይ የተባለውን ሁሉ አምኖ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ አጨብጭቦ የሚመለስ ደግ ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ በደግነቱ ተማረሩና "አንቺ ሂጂ፤ አንቺን ማንም አያሞኝሽም" አሏት። አረጋሽ "ለምን እኔን መረጣችሁ?" ብላ አንድ ሳምንት ስትጠረጥራቸው ከርማ ነው እሺ ያለችው።

ቀበሌው ከጂንካ በላይ፣ ተራራው ትከሻ ላይ ነው ያለው። እንሰት፣ ኮረሪማና ጭቃ ሞልቶታል። የሌለው አዋላጅ ነርስ ነው። ጤና ኬላውን ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት ቆርጦ ሠርቶታል፤ በሩ ግን ከተሠራ ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። የአረጋሽ ምራት ጥሩዬ የመጀመሪያዋን ስታረግዝ ምጡ በዝናብ መጣ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት እየተንሸራተቱ ወረዱ። ጥሩዬ ከቤት ስትወጣ ሁለት ነፍስ ነበረች፤ መንገዱ መሀል ላይ አንድ ሆነች። አሁን ጥሩዬ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷም ገፍቷል። ክረምቱም እየመጣ ነው። አረጋሽ ሰማዩን ቀና ብላ ባየች ቁጥር ደመናውን የላከው ማን እንደሆነ የምትጠረጥር ትመስላለች።

ወረዳውን አዋላጅ ጠይቃ ያገኘችው መልስ "የሕዝብ ቁጥራችሁ አይፈቅድም" የሚል ነበር።

"የሕዝብ ቁጥራችን?" አለች አረጋሽ። "እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቦታ አጥቶ በመስኮት ነው የሚገባው!"

ከታች ያለው፣ ሳምንታዊ ገበያ የሚቆምበት ቀበሌ ግን ሁለት አዋላጅ አለው። በቁጥር ከሄድን የዚያ ቀበሌ ሰው ከአረጋሽ ቀበሌ አምስት እጥፍ ይሆናል። አረጋሽ ደግሞ በዚያ ስታልፍ የምታየው ጥላ ሥር የተኙ ፍየሎችን ነው። ስለዚህ ነገሩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። ሰውን እንደ ኮረሪማ ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው የሚገለብጥ እጅ አለ። እጁም የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የአቶ ደምሰው መሆን አለበት።

ደምሰው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ሰላምታው ይረዝማል። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። "ስኳር እንኳ የማይወድ ሰው ሌላ ምን የሚጣፍጥ ነገር ቢያገኝ ነው?" አለች አረጋሽ ለጅሩ። ከዚያ ባጃጅ የምትጠብቅ መስላ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀመጠች። ለዘበኛው ሙዝ ስትሰጠው ዘበኛው ሙዙን በላና አንድ ነገር ሹክ አላት፦ አዲስ ሶፋ ገብቷል።

የጉባኤው ቀን አዳራሹ ሞላ። ደምሰው ሪፖርቱን አንብቦ ሲጨርስ አረጋሽ እጇን አወጣች።

አፈ ጉባኤዋ ሰብለ አየቻትና ተነፈሰች። "ክብርት አረጋሽ፣ ጥያቄው አንድ ነው?"

"አንድ ነው፤ ግን ልጆች አሉት" አለች አረጋሽ ተነሥታ። "አቶ ደምሰው፣ ዘንድሮ ሶፋ ገዝታችኋል?"

"ገዝተናል።"

"ለማን?"

"ለእንግዶች መቀበያ ነው፣ ክብርት አባል።"

"እንግዶቹን ማን ቆጠራቸው?"

አዳራሹ ሳቀ። አረጋሽ አልሳቀችም። "ለሶፋ ሲሆን የሚቀመጠው ሰው ይታወቃል። ለአዋላጅ ሲሆን የኔ ሕዝብ ይጠፋል። የት አደረሳችሁት?"

ደምሰው ወረቀቱን አስተካከለ። "በጀት የሚደለደለው በፎርሙላ ነው፤ በፎርሙላው ውስጥ ትልቁን ክብደት የሚይዘው የሕዝብ ብዛት ነው። ቁጥሩን እኛ አንፈጥርም። ከዓመታት በፊት ከተደረገው የቤት ለቤት ምዝገባ ይመጣል፤ በየዓመቱም የዕድገት ምጣኔ ይጨመርበታል።"

"ፎርሙላው የማን ልጅ ነው? እሱም ይምጣና ይጠየቅ!" አሉ አንድ አዛውንት ከኋላ።

"ስለዚህ" አለች አረጋሽ፣ "መጀመሪያ ተሳስታችሁ ከሆነ ስህተቱን በየዓመቱ እያሳደጋችሁት ነው ማለት ነው። የኛ ልጅ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የናንተ ስህተት ያድጋል።"

ጭብጨባው ቀለጠ። አንዱ ተነሥቶ ሪፖርቱ ሳይጸድቅ ይመለስ፣ ኃላፊውም ይገምገም አለ። ሌላው ደገፈ። ደምሰው በመሐረብ አንገቱን ጠረገ፤ አረጋሽም መሐረቡ አዲስ መሆኑን ልብ አለች። ድምፅ ሊሰጥ ሲል ሰብለ የሻይ ሰዓት ነው ብላ አቋረጠች።

ከውጭ፣ ሻይና ቦንቦሊኖ በሚታደልበት፣ ከገበያው ቀበሌ የተመረጡት አቶ ጉታ ጉንጫቸውን ሞልተው ቆመዋል። ደስ ብሏቸዋል። አረጋሽ ደግሞ በሷ ድል ሌላ ሰው ደስ ሲለው አትወድም፤ ጠጋ አለቻቸው።

"ጋሼ ጉታ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እናንተ ዘንድ የት ነው የሚተኛው?"

"ዳስ ውስጥ ነዋ!" አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ከነቦንቦሊኖው ዋጡት።

አረጋሽ እጅጌያቸውን ያዘች። "የምን ዳስ?"

"ልቀቂኝ እስቲ።"

"የምን ዳስ፣ ጋሼ?"

"የኮንፈረንሱ ነዋ! ደግሞ አንቺ ትጠይቂኛለሽ? ወጥ ቤቱን ይዘሽ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

አረጋሽ እጅጌውን ለቀቀች።

የቤት ለቤት ምዝገባው በተደረገበት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ የጥር ኮንፈረንስ ታች ገበያው ቀበሌ ነበር የተደረገው። የላይኛው ቀበሌ አማኝ ሰሌንና ሕፃናቱን ተሸክሞ ወርዶ፣ ጉባኤው እስኪያልቅ እዚያው ዳስ ውስጥ ሰነበተ። ሕዝቡን የሚመዘግቡት ልጆችም ገበያው ቀበሌ የደረሱት በዚያው ሳምንት ነው። ዳሱን ሲያዩ "ትናንት ማታ እዚህ ያደረ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ከመድረኩ ላይ ወንጌላዊ ዶላሞ የሚሰብከው ስለ ሐሰት ነበርና አንድም ሰው አልዋሸም፤ ሁሉም እጁን አወጣ። የተመዘገበ ሰው ደግሞ ሁለቴ እንዳይመዘገብ አውራ ጣቱን በቀለም ያስነክሩት ነበር።

አረጋሽ በዚያ ሰሞን ሌላ ጥርጣሬ ይዟት ነበር፤ ጎረምሶቹ ምሳ ሁለቴ እየበሉ ነው ብላ። ቀለሙን ስታይ ከሰማይ የወረደላት መሰላት። ጭልፋዋን ይዛ ድስቱ አጠገብ ቆመችና ጮኸች፦ "አውራ ጣቱ ቀለም የሌለው ሰው አይበላም! ሳይቆጠር ምሳ የለም!" ሊሸሹ ያሰቡት ተመለሱ። የተኙት ተቀሰቀሱ። ለቀኑ ብቻ የመጡትም "አድረናል" ብለው ተሰለፉ፤ ርሃብ ከስብከቱ በልጦ። ከሳምንት በኋላ ልጆቹ ተራራውን ወጥተው በየቤቱ ሲያንኳኩ ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን እያሳየ "ተቆጥረናል፤ ጌታ ይባርካችሁ" ብሎ ሸኛቸው። የተመዘገበው ታሞ ቤት የቀረና ከብት የሚጠብቅ ብቻ ነበር።

ጉታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያለፈውን ተይው፣ እህቴ። አዳራሹ ካንቺ ጋር ነው። ሰውዬውን ጣይው፤ እኔም እጄን አወጣልሻለሁ።"

አረጋሽ ጉታን አየቻቸው። ጉታ እጃቸውን በነፃ አውጥተው አያውቁም፤ ለጸሎት እንኳ ግማሽ ድረስ ነው። ደምሰው ቢወድቅ ሌላ ኃላፊ ይመጣል፣ አዲሱም ነገሩን እስኪያጠና ክረምቱ ይገባል፤ ቁጥሩ ያው ባለበት ይቆያል። ጉታ ሊያጨበጭቡላት የፈለጉት ሕዝቧን እንደያዙ ለመቅረት ነው።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ሰው ለሷ መንገድ ለቀቀላት። አንዱ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። እንዲህ ተከብራ አታውቅም። እውነቱን ከተናገረች ግን እስከ እርጅናዋ የጂንካ መሳቂያ ናት፤ ዝም ካለች ደግሞ ጥሩዬን ዘንድሮም ቃሬዛው ይጠብቃታል። ሰብለ "ድምፅ ከመስጠታችን በፊት" ስትል አረጋሽ ብድግ አለች።

"ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ሕዝባችን ተገኝቷል።"

"የት ተገኘ?"

"አቶ ጉታ ዘንድ። ዳስ ውስጥ።"

ነገረቻቸው። ኮንፈረንሱን፣ ቀለሙን፣ አውራ ጣቱን። ደምሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ቀና አለ።

"ይቅርታ ክብርት አባል፤ ለቀኑ የመጡትን ጭምር ማን አስቆጠራቸው?"

አረጋሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔ። ምሳ ከልክዬ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰብለ ራሷ ፊቷን በአጀንዳው ሸፈነች። ጉታ ግን ተነሥተው "ተቆጥሮ የገባ ሰው አይወጣም! ቀበሌዬን ባዶ ልታደርጉት ነው?" ብለው ጮኹ።

"እሺ ጋሼ፣ ያስቀሯቸው" አለች አረጋሽ። "ምሳቸውን ግን ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ያብሏቸው።"

ጉታ ተቀመጡ።

ደምሰው ቀስ ብሎ ተናገረ። "ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። በወሬ ደረጃ ምንም ማድረግ አልችልም፤ በጉባኤ ከተወሰነ ግን የእርማት ጥያቄውን ዛሬ እልካለሁ። እስኪታረም የአንዲት አዋላጅ ደመወዝ ከመጠባበቂያ እንይዛለን።"

"ምን አስቸኮለዎት?" አለች አረጋሽ ዓይኗን አጥብባ።

"ሁለት ዓመት ግራ ሲገባኝ ነው የኖርኩት። ገበያው ቀበሌ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው የሚኖርበት አንድ ቤት አለ። አባወራው ወንጌላዊ ዶላሞ ይባላሉ።"

"ዶላሞ? እሱ እኮ ገና አላገባም!" አለ አንዱ፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

"ታዲያ ለምን አልጠየቁንም?" አለች አረጋሽ ደምሰውን።

"ጠይቄያለሁ። ቀበሌያችሁ ድረስ መጥቼ 'ተቆጥረናል' ተባልኩ።"

አረጋሽ ጥያቄ ቀየረች። "ሶፋውስ?"

ደምሰው ሳል አለው። "ስለ ሶፋው በጽሑፍ እመልሳለሁ።"

ጉባኤው እርማቱን ወሰነ፤ ሪፖርቱንም ሶፋውን ወደ ጎን አድርጎ አጸደቀ። የሶፋው ነገር እስካሁን በጽሑፍ አልመጣም፤ አረጋሽም እስካሁን ትጠይቃለች።

ሔርሜላ የምትባለው አዋላጅ ፍራሿን ሞተር ሳይክል ላይ አስራ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ደረሰች። አረጋሽ "ላንድ ወር ነው የላኩሽ አይደል?" አለቻት ከሰላምታ በፊት። ምጡ በመጣ ጊዜ ዝናቡ እንደ አምናው ነበር። ሔርሜላ "እትዬ፣ ውጭ ይጠብቁን" ብትላት አረጋሽ "ውጭ ሆኜ የምትሠሪውን በምን አውቃለሁ?" ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጅሩና ልጁ፣ የጥሩዬ ባል፣ ከበሩ ውጭ፣ ቆርቆሮው ሥር ተጠግተው ጸለዩ። ቃሬዛ የሚሸከም ሰው አልተጠራም።

ሕፃኑ እንደ ሴት አያቱ ጮኾ ወጣ። ወንድ ነው። ሔርሜላ አጥባ፣ ጠቅልላ ለእናቱ አስታቀፈችና እጇን አደራርቃ እስክሪብቶ አነሣች።

"ስሙን ማን ልበል፣ እትዬ?"

"ለማን ልትሰጪው ነው?"

"ለማንም አልሰጠውም፤ መዝግበው ነው እንጂ።"

ጥሩዬ ላቧ ሳይደርቅ ከአልጋው ላይ ሳቀች። "እማዬ፣ ኧረ ንገሪያት!"

አረጋሽ አዋላጇን አየቻት፣ ሕፃኑን አየችው። ከዚያ የሕፃኑን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነገረቻት። የቀበሌውን ስም ግን ሁለት ጊዜ።