በአንድ እጅ ሰላምታ

ስትሮክ ሲመታኝ ቀኝ እጄን ይዞብኝ ሄደ። እግሬ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ አፌም፣ ባለቤቴ እንደምትለው፣ ከበፊቱ ብሶበት መጣ። እጄ ግን እንዳላለቀ ኮት እጅጌ ከትከሻዬ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፍቻለሁ። መቀስ መያዝ ካቃተኝ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ፈርቼ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅ በዕድሜ ከልጄ ታንሳለች፤ ቁጣዋ ግን የአያቴ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን "ጋሼ፣ ይሄ እጅ ያለ ግራው እርዳታ ደረትዎ ድረስ ከወጣ ስለ መቀስ እንነጋገራለን። እስከዚያ መቀስ የሚባል ነገር እንዳያነሱብኝ" አለችኝ። የቤት ሥራም ሰጠችኝ፦ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ዘርግቶ መግፋት፣ የሸሚዝ ቁልፎችን እየለቀሙ ከሳህን ወደ ሳህን ማዛወር፣ ጣቶችን በግድግዳ ላይ ሽቅብ ማስኬድ። ግድግዳው ላይ የደረስኩበትን በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዬ አሰምራለሁ። ባለቤቴ "ግድግዳውን ሱሪ ልታደርገው ነው?" ብላ ታማርራለች። ታማርር እንጂ አንዷንም መስመር አላጠፋችም።

ችግር የመጣው በሰላምታ በኩል ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃ ወርዶ ግቢውን ለማቋረጥ ቢያንስ አምስት ሰው መጨበጥ ግድ ነው። ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ ቀኜን በግራዬ ደግፌ አነሳዋለሁ። እኔ የምደግፈው እምቢ ስላለኝ ነው፤ የሚያየኝ ሰው ግን ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው አክብሬው ይመስለዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ገና የተዳረች ልጅ "እንዴ ጋሼ፣ በማርያም! ለእኔ ነው እንዲህ የሚሆኑት?" ብላ መሬት ልትስም ምንም አልቀራት። ብዙም ሳይቆይ በግቢው ትሑት ሰው ተባልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የምታወቀው በነገረኛነቴ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ለፊዚዮቴራፒስቷ ስነግራት ግን አልሳቀችም። "በዚህ ዓይነት ቀኙ ሥራ አይለምድም። ሰው ሲጨብጡ ግራውን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱልኝ" አለችኝ። እጅን ኪስ ከትቶ ሰላምታ! እኔ ባደግኩበት ቤት ቢሆን ጥፊ ነበር የሚከተለው። ቢሆንም እሺ አልኩ። የጠመኔው መስመርም ቀስ እያለ ከወገቤ ወደ ሆዴ፣ ከሆዴ ወደ ደረቴ ሥር ወጣ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ መጡ። ክፍለ ሀገር ልጃቸው ጋ ስለከረሙ መታመሜን እንጂ እጄ መያዙን አልሰሙም። ጥንት እሳቸው ዘንድ የገባሁ ጊዜ፣ መርፌ ከማስያዛቸው በፊት ሳምንት ሙሉ ያስተማሩኝ የደንበኛ አቀባበል ነበር፤ እንዴት ጎንበስ እንደሚባል፣ እጅ እንዴት እንደሚሰጥ።

ባለቤቴ በሩን ስትከፍትላቸው ተነሳሁ። ኪሴ የከተትኩት ግራ እጄ በልማድ ሊወጣ ሲል እዚያው ያዝኩት። ቀኜ እያዘገመ፣ ብቻውን ተነሳ። ደረቴ ጋ ደረሰ።

ሽማግሌው የሚያዩት ግን የተዘረጋውን እጄን ሳይሆን ኪሴን ነው።

"ምነው ልጄ፣ በአንድ እጅ? እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። "አባባ፣" አለች ባለቤቴ፣ "ከታመመ ወዲህ ቀኙን ያለ ግራው ድጋፍ ሲያነሳ ገና ዛሬ ነው።"

ያኔ እጄን አዩት። አሁንም አልወረደም። ከዚያ ምርኩዛቸውን ለባለቤቴ አቀበሉና ቀኛቸውን ዘረጉ። በግራቸው የራሳቸውን ክርን ደገፉ፣ ጎንበስ ብለውም ጨበጡኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳውቃቸው እንዲህ ሲጨብጡ ያየኋቸው በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሰዎች ብቻ ነው።

"ይሄ እጅ መቀስ ይይዛል" አሉ፣ ሳይለቁኝ።

አፍሬ ግራዬን ከኪሴ ላወጣ ስል ቆጣ አሉ።

"ተው! እዚያው ይቀመጥ።"