የአባቴ መኪና ወለል

ባሕር ዳር ላይ መኪና የሚዝገው ከሐይቁ በሚነሳው እርጥበት ነው ይባላል። ውሸት ነው። ጣና የጨው ባሕር አይደለም፤ ዳር ላይ ታስረው የተረሱትን የብረት ጀልባዎች እንኳ ገና በልቶ አልጨረሳቸውም። የአባቴን መኪና ያዛገችው እናቴ ናት፤ በገዛ እጇ፣ በየማለዳው፣ በጸበል።

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት የመስክ ሾፌር ነበሩ። ክረምት ከበጋ መሸንቲና መራዊ ሲመላለሱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ያንኑ የመሥሪያ ቤቱን መኪና በጨረታ ገዙት። እናቴ ከደሴቱ ገዳም በጀልባ የምታስመጣውን ጸበል ሳትረጭ አንድ ቀን ከግቢ አስወጥታቸው አታውቅም። መሪው ላይ ትንሽ ትረጭና የተረፈውን እግራቸው የሚያርፍበት ወለል ላይ ትደፋዋለች። ውሃው የጎማው ምንጣፍ ሥር ይገባል፤ ፀሐይም ነፋስም ሳያገኘው እዚያው ይከርማል።

እናቴ አምና ሞተች፤ የተቀበረችው በተወለደችበት በቆላ ድባ ነው። አባቴ ለሙት ዓመቷ በራሳቸው መኪና ነድተው እንጂ በአውቶቡስ እንደማይሄዱ ተናገሩ። ፍሬን ሲረግጡ ግን ወለሉ አብሮ ይሰምጥ ነበር። ስለዚህ ቦዲውን ከተሸከመው የብረት አጽም፣ ከሻንሲው ላይ አንስተን እዚሁ ግቢያችን ልናስበይደው ተስማማን።

ብሎኖቹን ናፍጣ እያጠጣሁ የፈታኋቸው እኔ ነኝ። ፈታኋቸው ስል ግማሾቹን ሰበርኋቸው ማለቴ ነው። ለማንሳቱ የእድራችን ወንዶች ወፋፍራም አጣና ይዘው መጡ፤ ከሥሩ አሾልከው ግራና ቀኝ ተሸከሙት።

«መጽሐፍ መጻፉ ሰልችቷት መካኒክ ሆነች እንዴ?» አለ አንዱ ጎረቤት እያቃሰተ።

«አንተ ትንፋሽህን ቆጥብ፤ ቀኝህ ዘምሟል» አልሁት።

«ኧረ ሬሳ ይሻላል! ሬሳ ቢያንስ እጅ አይቆርጥም!»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አምና የእናቴን አስከሬን ከዚህ ግቢ ያወጡት እነሱው መሆናቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ቦዲውን መሬት ላይ የደረደርናቸው ግንዶች ላይ ቀስ ብለው አሳረፉት።

በማግስቱ በያጁ መጥቶ ምንጣፉን ገለጠ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ወለል አይደለም። የያዘው ቀለሙ ነው። ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካ።»

«አይቆረጥም» አሉ አባቴ።

«አባቴ፣ እግርዎ አስፋልት ሊነካ ነው እኮ» አልሁ።

«ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ አንድ ቀን ተገልብጬ አውቃለሁ?»

«ፍሬንዎ ጥሩ ስለነበረ ነው።»

«ፍሬኑ ላይስ ማን ነበር የሚረጨው?»

ሳምንቱን ሙሉ ቦዲው ግንድ ላይ፣ ሻንሲው ራቁቱን ከጎኑ፣ አባቴም መካከላቸው ወንበር አስቀምጠው እንደ ዘበኛ ዋሉ። በመጨረሻ «ቁረጡት፤ ብረቱን ግን ለእኔ ስጡኝ» አሉ። በያጁ ቆረጠና ሁለት እጃቸው ላይ አኖረላቸው። እዚያው ፈረሰ። መዳፋቸው ላይ የቀረው ቡናማ ዱቄትና የቀለም ቅርፊት ነበር። ምሳ ሲቀርብ እጃቸውን አልታጠቡም፤ አልበሉምም።

ወለሉ አሁን አዲስ ነው። ቦዲው ሻንሲው ላይ ተመልሷል፤ ሞተሩም ይነሳል። አባቴ ግን አይነዱም። ማለዳ ማለዳ በሩን ከፍተው ደረቁን ወለል ያዩና መልሰው ይዘጉታል። «ነገ» ይላሉ።

አንድ ጠዋት አላስችል አለኝ። «እኔ ልርጨው?» አልኋቸው።

«አንቺ? ታምኚበታለሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «አላምንም» አልሁ።

«እንግዲያ ተይው ልጄ» አሉ ሳይቆጡ። «ካንቺ እጅ ውሃ ብቻ ነው የሚሆነው። ውሃ ደግሞ ያዝገዋል።»

«የንስሐ አባትዎን ልጥራ?»

«ተለምኖ የሚረጭ አልፈልግም። እሷን አንድ ቀን ለምኛት አላውቅም።»

ስለ እምነት ብዙ ጽፌአለሁ፤ አብዛኛው ፌዝ ነው፤ አንዱንም አልሰርዝም። ግን ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው፣ መኪናውም ቆሟል፣ ቆላ ድባ ያለችውም የምትጠብቀው እሳቸውን ነው። ለታይታ ነጠላ የምታጣፉ፣ እናንተ ቅሩ። የምር የምታምኑ ካላችሁ አንድ ማለዳ ወደ ግቢያችን ጎራ በሉና አባቴ እግር ሥር ጸበል ርጩላቸው። እኔ እንደ ለመንኋችሁ ግን እንዳትነግሯቸው።