ያልተቃጠለው ዲስክ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ መስከሬን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይቺን አንዷን ብቻ ምላሴ ሥር ይዣት የተመለስኩት ስንት ጊዜ ነው? እናንተን አላውቃችሁም፤ እናንተም አታውቁኝም። አፌን የፈታው ይኸው ይሆናል። እኔ አንዲትን ሴት ዋሽቻለሁ። ሁለት ቃል ነበረች ውሸቷ፤ ግን የሰው እንጀራ ዘጋች፣ የሌላ ሰው መሬት ያዘች፣ በመጨረሻም የሟች ስም አጎደፈች። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

እትዬ አስካለ ነቀምቴ ውስጥ ከገበያው ወረድ ብሎ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበራቸው። ወላጆቻቸው ከጎጃም ይምጡ እንጂ እሳቸው እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው፤ ገበያተኛው «አዴ አስካለ፣ አካም ጅርቱ?» እያለ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠይቆ ይገባል፣ ኦሮምኛ ላለው በኦሮምኛ፣ አማርኛ ላለው በአማርኛ ማመልከቻውን ይጽፉለታል። ሰው ብሶቱን ግማሽ ሰዓት ሲተርክ ዝም ብለው ያዳምጡና አምስት መስመር ያደርጉለታል። ያቺን አምስት መስመር ያየ ሹም ጉዳዩን ሳያነሳ አያልፍም ይባል ነበር። ከኪራሙ ወረዳ ለጉዳይ የሚመጡ ገበሬዎች ደግሞ የመሬት ደብተራቸውን ኮፒ ሲያስደርጉ፣ እሳቸው ሳይጠየቁ እስካን አድርገው ኮምፒውተራቸው ላይ ያስቀምጡላቸዋል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ለሌላ ቀን ይሁናችሁ ይሏቸው ነበር።

እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ፈትቼ ስንከራተት ከበረንዳቸው ግማሹን ከፍለው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ኮምፒውተር መጠገን ጀመርኩ፣ ቆየት ብዬ ጽሕፈትም ጨመርኩ። ማን ይምጣ? ሰው በኔ በር አልፎ እሳቸው ጋ ይሰለፋል። የኔ ማሽን አዲስ፣ የሳቸው አሮጌ ዴስክቶፕ፤ ሰልፉ ግን እዚያ ነው። እኔ ዝንብ ሳባርር እውላለሁ። እሳቸው ወረፋ ሲበዛባቸው «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እሱ ጋ ሂዱ» እያሉ ሰው ይልኩልኛል፤ እኔ በዚያውም እናደዳለሁ። ምቀኝነት እንዲህ ነው፤ ያጎረሰን እጅ ይነክሳል የተባለው ለኔ ነው።

አንድ ክረምት መብራቱ ሳምንቱን ሙሉ ሲሄድ ሲመጣ ሰነበተ። አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ ጠሩኝ። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ይበራል፣ ግን አይነሳም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ፤ የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ነው የምትለው። ክዳኑን ፈታሁ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ የዲስኩን ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ነው። ከዚያ ወደ ማስተካከያው ገጽ ገባሁ። ቀኑን ሳየው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ገባኝ። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ እናት ቦርዱ ላይ የምትቀመጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ እሷ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቀኑንም፣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳም ይረሳል። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ስሙ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ እያየሁት ነው። ትዕዛዙን መልሶ ባትሪዋን መቀየር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ባትሪዋም መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች።

እትዬ አስካለ ከኋላዬ ቆመው እጃቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። በሩ ላይ አራት ሰዎች ይጠብቃሉ። ምን ሆነብኝ ልጄ አሉኝ።

«ዲስኩ ተቃጥሏል» አልኳቸው።

ለምን አልኩ? አስቤበት ነበር? አላሰብኩም ብል ይቀለኝ ነበር። አስቤበታለሁ። ያቺን ገጽ እያየሁ፣ ያን ሰልፍ እያየሁ፣ ገጹን ከዘጋሁት በኋላ ነው የተናገርኩት። እሳቸው አላለቀሱም። የጻፉት ሁሉ አብሮ ሄዶ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሁሉም ሄዷል አልኩ። ሌላ ቦታ ያስቀመጡት ግልባጭ አልነበራቸውም። ሌላ ኮምፒውተር የሚገዙበት አቅምም አልነበራቸውም። በሦስተኛው ቀን፣ እንግዲህ ለመለዋወጫ እንኳ ይሁንህ፣ ደክመህበታል ብለው ማሽኑን ለኔው ሰጡኝ። መርቀውም ሰጡኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ትዕዛዙን መለስኩ። ተነሳ። የእትዬ አስካለ ሥራ ሁሉ እንዳለ ነበር፤ የማመልከቻ ናሙናዎቻቸው፣ «ኪራሙ» ብለው የሰየሙት ፎልደር ውስጥ የገበሬዎቹ ደብተር በየስሙ። እኔ ናሙናዎቹን ገልብጬ የራሴ አደረግኳቸው። ማሽኑን ከጓዳዬ አስገብቼ ጆንያ ጣልኩበት።

ምን አለፋችሁ፣ እትዬ አስካለ በእጅ ሲጽፉ ከርመው በዓመቱ ጽሕፈት ቤታቸውን ዘጉ፤ እኔ ከቤቴ የፊት ክፍል በከፈትኩት ተቀጥረው ይጽፉ ጀመር። አሮጊቷን አስጠጋት ተብዬ ተመሰገንኩ። እሳቸው የሚቀመጡበት ወንበርና ጆንያ የጣልኩበት ማሽን መካከል አንድ ግድግዳ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ እኔ በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ» እላቸዋለሁ።

ከዚያ ግጭት ተነስቶ የኪራሙ ነገር ተበላሸ። ሰው እየሸሸ ነቀምቴ መግባት ጀመረ። አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ መጡ። በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ፣ የእትዬ አስካለ የጥንት ደንበኛ ናቸው። ቤታቸው ተቃጥሏል፤ የመሬት ደብተራቸውም አብሮ። መዝገቡ የነበረበት ቢሮም አልተረፈም። ባለይዞታ ነኝ የሚል ሁሉ እንዲመዘገብ ተብሏል፣ ግን ግልባጭም ቢሆን ማስረጃ ይዞ ነው። ጋሽ ሰይድ በእግራቸው ከዚያ ወዲህ የመጡት አንድ ነገር አምነው ነው፤ የደብተሬ ግልባጭ አስካለ ጋ አለች ብለው።

እትዬ አስካለ ሲያዩአቸው ከወንበራቸው ተነሱ። ወደኔ ዞረው፣ ከተቃጠለ ዲስክ የሚያወጡ ሰዎች አዲስ አበባ አሉ ይባላል፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግ ብለው ለመኑኝ። እኔ የተቃጠለ አይመለስም አልኩ። ደገምኩት። ያኔ እትዬ አስካለ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሩ።

«በማርያም እምልልዎታለሁ፣ እኔ ጋ የለም። ቢኖረኝ ዓይኔን አውጥቼ እሰጥዎት ነበር።»

ደብተሩ ከጀርባዬ፣ ግድግዳው ማዶ ነበር። ማውጣት እችል ነበር። ከሌላ ቦታ ተገኘ ብዬ አንዲት ውሸት ጨምሬ ልሰጣቸው እንኳ እችል ነበር፤ ለውሸት መቼም አልሰንፍ! ግን እንዴት ተገኘ ብለው ቢጠይቁኝስ ብዬ ፈራሁ። ለራሴ ስም ፈራሁ። የሰው ልጅ የሠላሳ ዓመት መሬት በኔ ፍርሃት ተሸጠ። ጋሽ ሰይድ ሳይመዘገቡ ቀሩ፤ ከነቀምቴ ብዙ ወደማትርቀው ጉቴ ወርደው በሰው ማሳ ላይ የቀን ሥራ ያዙ። እትዬ አስካለ ከዚያ ቀን በኋላ የኪራሙ ሰው ሲመጣ ቀና ብለው አያዩም ነበር፤ የሰውን አደራ ያቃጠልኩ እኔ ነኝ ይሉኝ ነበር። ለኔ! እኔም አይዞዎት እላቸው ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት እትዬ አስካለን ደም ግፊት ጣላቸው። ቀበርናቸው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ታመው ተኝተው ሳሉ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ብርቱካን አስቀምጬ ተመለስኩ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ጆንያውን አነሳሁ። የጋሽ ሰይድን ደብተር ሁሉንም ገጽ በቀለም አትሜ በሚኒባስ ጉቴ ሄድኩ። ለንስሐ መሰለኝ። ምዝገባው ካለቀ ቆይቷል፤ ቢሆንም አንድ ቀን ይጠቅማቸዋል አልኩ። ከማሳው ዳር አገኘኋቸው። እትዬ አስካለ ማረፋቸውን ነገርኳቸው፣ ከዕቃቸው መካከል ይህ ተገኘ ብዬ ሰጠኋቸው። ጋሽ ሰይድ የገዛ ፎቶግራፋቸውን ወረቀቱ ላይ አዩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ።

«ወላሂ፣ ምላልኝ ነበር እኮ» አሉ። «በማርያም ምላልኝ ነበር። ታዲያ ነበራት ማለት ነው?»

ጠበቁኝ። በደንብ ነው የጠበቁኝ፤ ዓይኔን እያዩ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ «እኔ» ማለት። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን «እንግዲህ ነፍሳቸውን ይማር» የሚል ነው።

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ይሁን» አሉ። «አላህ ይቅር ይበላት። እኔም ይቅር ብያታለሁ።»

እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። እኔም እጄን ሰጠሁ።

ሄደህ እውነቱን አትነግራቸውም ወይ ትሉኛላችሁ። ጉቴ ሩቅ አይደለም። ልክ ናችሁ። መብራቱ ነው፣ ምቀኝነት ነው፣ ወጣትነት ነው አልልም፤ ሰበብ የለኝም። ምናልባት የጋሽ ሰይድ ልጆች ይህን ቢያነቡላቸው ብዬ ጻፍኩት፤ ይህም ያው የፈሪ መንገድ ነው። ጋሽ ሰይድ፣ እትዬ አስካለ አልዋሹዎትም። የማሉት እውነት ነው። ያን ይቅርታዎን ከሳቸው ላይ ያንሱላቸው፤ ምንም አልበደሉም። ለኔ ይስጡኝ አልልዎትም።