ማተብ ያሰርኩላት ተከራይ

በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ውስጥ ቤት ለሚፈልግ ቤት፣ ተከራይ ለሚፈልግ ተከራይ የማገኝለት እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ሞጣ ካለው ባሌ ተፋትቼ እናቴ ቤት ስመለስ ሥራ አልነበረኝም፤ ጠላ ልሽጥ ብል ደግሞ እናቴ "ስሜን ልታጠፊው ነው?" ብላ ከለከለችኝ። በየመስከረሙ የሽቦ አልጋና ሻንጣ ይዘው ከጭነት መኪና የሚወርዱ መምህራንና ጸሐፊዎች አይ ነበር። ሳምንት ሙሉ ጠላ ቤት መደብ ላይ እያደሩ፣ ቀን ቀን "የሚከራይ ቤት አለ?" እያሉ ሲዞሩ አንጀቴን ይበሉታል። ቤት ደግሞ ሞልቷል። የትኛዋ ባልቴት ልጇን ድራ ክፍሏ ባዶ እንደቀረ፣ የትኛው ነጋዴ ጓሮው ውስጥ አዲስ ቤት እንደሠራ ገበያ ስውል እሰማለሁ። አንድ ቀን አንዱን መምህር ከኋላዬ አስከትዬ ሄድኩና በሩን አሳየሁት። በዚያው ሥራዬ ሆነ።

እናቴ "ደላላ ሆንሽልኝ?" ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። እሷ የምታውቀው የከብት ደላላ ነው። በአራተኛው ቀን ስኳርና ጋዝ ይዤ ስገባ ኩርፊያው ቀረ።

እኔን የሚያቃጥለኝ የቤት ባለቤቶቹ ነገር ነበር። ኪራዩን ሳይናገሩ አገሩን፣ ዘሩን፣ ጾሙን ይጠይቃሉ። የሒሳብ አስተማሪ ነው እያልኳቸው እጁን አይተው "ቀጥቃጭ ባይሆን?" የሚሉ ነበሩ። ከሁሉ በፊት ግን የሚያዩት አንገት ነው። ጥቁሯን ክር፣ ማተቧን ካዩ ሌላውን ሁሉ ይተዉታል። ሰካራምም ቢሆን፣ ሚስቱን ደብድቦ የመጣም ቢሆን ክሯ ካለች ይገባል። እኔም ቀስ በቀስ የሰው አንገት አይቼ በር መምረጥ ለመድኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ በራሴ እናደዳለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት ነርስ ከወሎ ተመድባ መጣች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ስሟ ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚጠራበት ስለሆነ ሃይማኖቷን አይናገርም። እሷ ግን ሳልጠይቃት "እስላም ነኝ" አለችኝ። ስድስት በር አንኳኳሁላት። ስድስቱም አንገቷን አይተው "ክፍሉ ተይዟል" አሉኝ። አንደኛዋ ይህን ስትለኝ ተያዘ ከተባለው ክፍል ውስጥ ዶሮ ጭራ ጭራ ትወጣለች። ከተማው ውስጥ የነበሩት ጥቂት እስላሞች ሸማኔዎች ነበሩ፤ የሚያከራዩት ቀርቶ ለራሳቸው የሚበቃ ቤት አልነበራቸውም። ነርሷ እስከዚያ ጤና ጣቢያው ዕቃ ቤት ውስጥ ከጥጥ ካርቶን አጠገብ ትተኛለች። "እስከ ወሩ መጨረሻ ቤት ካላገኘሁ ወደ አገሬ እንዲመልሱኝ እጽፋለሁ" አለችኝ። በከተማው ማዋለድ የተማረች እሷ ብቻ ነበረች።

አሳዝናኝ ነው ቀጥሎ ያለውን ያደረግሁት ብል ደስ ባለኝ። ግን እልህም ነበረብኝ፤ እኔ ይዤው የሄድኩ ሰው ቤት አጣ መባል አልፈለግሁም። ገበያ ወርጄ ጥቁር የሐር ክር ገዛሁ።

"እታለም፣ ክር እኮ ናት" አልኳት። "ስትወጪ እሰሪያት፣ ክፍልሽ ስትገቢ ፍቺያት።"

 ከዚያ ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ አንገቷን ሰጠችኝ፤ አሰርኩላት።

በማግስቱ ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ወሰድኳት። አንገቷን አዩና "ግቢ ልጄ" አሏት። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

እዚያ ቤት ከዓመት በላይ ኖረች። የመሪጌታው ሚስት ወደዷት። በዓል በመጣ ቁጥር የዶሮ ወጥ፣ ሥጋ ይልኩላታል፤ ክርስቲያን ያረደውን አትበላምና በሰሃን ከድና ወደ እኔ ታመጣዋለች። እኔም እበላዋለሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እንጀራ በሽሮ ስትበላ እኔ የሷን ድርሻ እየበላሁ "ነገሩ ተሳካ" እል ነበር። እንዲህ ያለ ሆድ ይቀደድ!

ከዚያ የመሪጌታው ሚስት ምጥ ያዛቸው። ሁለት ቀን አማጡ፤ የሰፈሩ ሴቶች በልማዳችን እናዋልዳለን ብለው ነርሷን አላስጠሩም። ሴቶቹ "ማርያም፣ ማርያም" እያሉ ጉልበታቸው አለቀ፤ መሪጌታው ደጅ ላይ ዳዊት ይደግማሉ። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ነርሷ ከሥራ ተጠርታ መጣች፤ ልጁ በእግሩ እየመጣ ነበር። እንዴት እንዳወጣችው እሷ ታውቃለች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ተረፉ። አራሷ ገና ደማቸው ሳይደርቅ እጇን ይዘው "ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው ቢያነሣት አልወድም" አሏት። እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው በእኛ አገር የለም።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሳምንት ሲቀር ነርሷ እናቴ ቤት እኔ ዘንድ መጣች።

"ሌላውን ሁሉ ችዬዋለሁ" አለችኝ። "ቤተ ክርስቲያናቸው ገብቼ፣ ያቺን ሕፃን ታቅፌ ግን አልዋሽም። በነሱም በኔም ነውር ነው።"

"አሞኛል በይ። ፈቃድ ጠይቂና ወሎ ሂጂ" አልኳት።

"አሁንም ውሸት?" አለችኝ። ክሯን ፈትታ መደቡ ላይ አስቀመጠችና በቀጥታ ሄዳ ለአራሷ ነገረቻቸው።

እኔ ስደርስ የሽቦ አልጋዋ ደጅ ወጥቷል፤ ክፍሉ ጠበል እየተረጨ ነው። አራሷ ውስጥ ሆነው ያለቅሳሉ። መሪጌታው ሲያዩኝ መቋሚያቸውን አነሱ።

"አንቺ! ማተብን እንደ ገበያ ዕቃ በሰው አንገት ላይ ታንጠለጥያለሽ?"

"መሪጌታ፣ ሚስትዎን ከሞት ያወጣው ማነው?"

"እግዚአብሔር ነው!"

"በማን እጅ?"

 ስለ ማተቡ የተናገሩት እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ። ሆኖም ያ እጅ ልጃቸውን ሲቀበል ማን ሃይማኖቱን ጠየቀው? ክፍሉን ጠበል ሲረጩ ልጅቱን ለምን አልረጯትም? ይህን ጮኼ ተናገርኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቢቸና ውስጥ በር የሚከፍትልኝ ባለቤት ጠፋ። ሥራዬ እዚያ ላይ አበቃ። እሱስ ይቅር። ነርሷ ግን ተመልሳ ከጥጥ ካርቶኑ አጠገብ ተኛች።

ሞጣ የከበሩ እስላም ነጋዴዎች አሉ፤ እዚያ ቤት ካገኘሁላት ዝውውር ትጠይቃለች ብዬ፣ ዳግም አልረግጠውም ያልኩት ከተማ በጭነት መኪና ሄድኩ። ባላቸው ጨው ይነግዱ የነበሩ አንዲት እስላም አሮጊት ሁለት ክፍል ባዶ እንዳላቸው ሰማሁ። በደግ አቀባበል ተቀበሉኝ፤ እግሬን እንድታጠብ ውኃ አስቀረቡልኝ። ነገሬን እስክጨርስ ሰምተው፣

"ልጄ፣ ያቺ ክር ያሰረችዋ ናት?" አሉኝ። "ወሬዋን ነጋዴዎቹ አምጥተውልናል።"

"ያሰርኩላት እኔ ነኝ፣ እናቴ። በደሉ የኔ ነው።"

"ያሰረው እጅ ያንቺ ነው። አንገቱ ግን የሷ ነው" አሉ። ክፍሉን አልሰጡኝም።

መንገዱን ሙሉ ሰደብኩ። መሪጌታውን፣ አሮጊቷን፣ ስድስቱን በሮች ተራ በተራ ሰደብኩ። ቢቸና ወርጄ ለነርሷ ስነግራትም ስድቤ አላለቀም ነበር። "አገሩ ሁሉ አንድ ነው! ሰው የሚባል የለበትም!" አልኳት። እሷ የሕክምና ጨርቅ ታጥፍ ነበር።

"እናትሽ ቤት፣ ወንድምሽ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ክፍሉ ባዶ አይደለም?" አለችኝ።

ባዶ ነበር። እሷ ቢቸና ከመምጣቷ በፊት ጀምሮ ሽንኩርት እናሰጣበታለን።

"እናቴ አትፈቅድም" አልኳት።

"ጠይቀሻታል?"

ያን ሁሉ ጊዜ፣ ስድስት በር ሳንኳኳ፣ ክር ስገዛ፣ ሞጣ ድረስ ስሄድ፣ ያ ክፍል አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም ነበር። ለምን እንዳልመጣ እሷም እኔም እናውቃለን። እኔም ከመጀመሪያው ቀን ያየሁት አንገቷን ነው።

"ዛሬ እጠይቃታለሁ" አልኳት።

"ተይው፣ እህቴ" አለችኝ፤ ጨርቋን ማጠፍ ቀጠለች። ደብዳቤዋን ጽፋ ነበር። በሳምንቱ ወሎ ተመለሰች። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።