ለሙሴ አርማን የተነሳች አልቃሽ

ማንተግቦሽ ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ሠፈር ተወልዳ በልጅነቷ ፈረንሳይኛ ስትማር «ምን ይሠራልሻል?» ያላት ሰው አልነበረም። ነገሩ የገባት ሜልቦርን መጥታ ኬንሲንግተን የመንግሥት ፎቅ ላይ ቤት ሲደርሳት ነው። ለካ ያን ሁሉ የለፋችው፣ ጎረቤቷ በግድግዳ በኩል የሚዘፍነውን ብልግና አጥርታ እንድትሰማበት ኖሯል።

ጎረቤቷ አርማን ይባላል፤ «ሙሴ» የምትለው በድሬዳዋ ወግ «አቶ» ለማለት ነው። በአገሩ በፈረንሳይ ግጥምና ዜማ ራሱ እየደረሰ፣ ቄሱንም ሹሙንም ሲያበሽቅ የኖረ ዘፋኝ ነበር። ራዲዮው ዘፈኑን ሲከለክልበት ድግስ ደገሰ። ሦስት ሚስት አገባ፤ ሦስቱንም በዘፈን ሰደበ፤ ሦስቱም ሄዱ። ያን ጊዜማ ስሙ ሲነሳ ሰው ያማትብ ነበር አሉ። በኋላ አራተኛዋን ተከትሎ አውስትራሊያ ገባና የሚቆጣው ሰው አጣ። እዚህ ያሉት ቋንቋውን አያውቁም፤ ሲሰድባቸው ፈረንሳይኛው እንዴት ይጣፍጣል እያሉ ያጨበጭቡለታል። ምስኪን።

የቀረችው ማንተግቦሽ ብቻ ናት። እሱ ሲዘፍን ታማትባለች፤ ስታማትብ ደስ ይለዋል።

«ምነው አንቱ፣ በዚህ ዕድሜዎ ንስሐ ቢገቡ» አለችው አንድ ቀን ሾርባ ስታቀብለው።

«የምፈራው ሞቱን አይደለም» አላት። «ስሞት ደግ ሰው ነበር ብለው እንዳይቀብሩኝ ነው። ካሉ ተነሺና አስቁሚያቸው።»

«እኔ ምን አግብቶኝ» አለች። ሾርባውን ግን አላቋረጠችም።

በ2014 ክረምት ሞተ። የወንድሙ ልጅ ከፈረንሳይ መጣ፣ ሽቶውና ከረባቱ ለሠርግ የሚበቃ። ማንተግቦሽ ልጇን ሩታንና የዕድር ጓደኛዋን ትብለጽን አስከትላ ያራቪል ሠፈር ወዳለው የቀብር ስንብት አዳራሽ ሄደች። ትብለጽ ሟቹን አይታው አታውቅም፤ ለቅሶ ግን አያመልጣትም።

የወንድሙ ልጅ የሟቹን የሕይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ አነበበ። ጭምት ነበር አለ። ቤተሰቡን አክባሪ፣ አትክልት ወዳድ ነበር አለ። በሙሴ አርማን ቤት የነበረው አትክልት የሲጋራ መተርኮሻ ያደረጋት አንዲት የደረቀች አበባ ናት።

ማንተግቦሽ ብድግ ስትል ሩታ ቀሚሷን ያዘች። «ማም፣ ፕሊስ።»

ማም አልሰማችም። ደረቷን መታ መታ አድርጋ አወረደችው፦

ሹሙን ያቃጠለ፣ ቄሱን ያበገነ፣
ዛሬ አፉ ቢዘጋ እንደ ቅዱስ ሆነ።

ትብለጽ ወዲያው እዬዬ ብላ ተቀበለቻት። ፈረንጆቹ በሙሉ ዞሩ።

«ምን እያሉ ነው?» አለ የወንድሙ ልጅ በፈረንሳይኛ። ማንተግቦሽ ቃል በቃል ተረጎመችለት። ፊቱ ቀላ። «ቤተሰቡ እንዳያፍር ብለን ነው እኮ፣ እመቤት።»

«ልጄ፣ እናንተን ሊያሳፍር ዕድሜውን ሙሉ ደከመ። አንድ ቀን እንኳ እፈሩለት እንጂ።»

ሰውየው ወረቀቱን አየ፤ ሬሳ ሣጥኑን አየ። ወረቀቱን አጠፈና አጎቱ በእሱ ሠርግ ላይ ስለ ሙሽራዋ እናት ምን እንደ ዘፈነና በየትኛው በር እንዳስወጡት ይናገር ጀመር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«የፈረንጅ ለቅሶ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ትብለጽ እንባዋን እየጠረገች።

«የእሱ እንዲህ ነው። አልቅሺ ዝም ብለሽ» አለቻት ማንተግቦሽ።