የማይልክ ካሜራ

ሱምያን የማውቃት በአጥር ጉርብትና ነው። ከጃጁራ መጥታ ከወንድሟ ከኑሪ ጋር ሆሳዕና ውስጥ፣ ከቤቴ አጠገብ ሁለት ክፍል ከተከራዩ አምስት ዓመት ሆናቸው። ኑሪ ዶልፊን ሚኒባስ ይነዳል። እሷ መናኸሪያው አካባቢ ባለ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ታነሣለች፣ ታትማለች፣ ትቆርጣለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት በመቀስ ስታስተካክል የምትውል ሴት ስለ ሰው ፊት የራሷ አስተያየት ይኖራታል። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተደግፋ እንዲህ አለችኝ፦

«ቲቸር፣ የኛ አገር ሴት ሁለት ፎቶ ነው ያላት። አንዱ መታወቂያዋ ላይ የተኮሳተረችበት፣ ሌላው ሠርጓ ላይ የደነገጠችበት። የሳቀችበትን ማንም አላነሣላትም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ብርሃን ብዙ አውርቻለሁ፤ ብርሃኑ ማን ላይ እንደሚያርፍ፣ ማንንስ እንደሚያልፍ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ፈተና ላይ አይመጣም።

ሱምያ ልታነሣ የፈለገችው የሂናን ቀን ነው። በእነሱ፣ በአካባቢው ሙስሊሞች ዘንድ፣ ከኒካው፣ ከጋብቻው ውል፣ በፊት ሴቶች ብቻቸውን የሚሆኑበት ቀን አለ። በሩ ይዘጋል፣ ሻርፕ ይወርዳል፣ ፀጉር ይፈታል፣ የሙሽራዋ እጅና እግር በሂና ይዋባል፣ ይጨፈራል። ወንድ ፎቶ አንሺ ደጃፉን አይረግጥም። ሴት እንግዳም ብትሆን ስልኳን በር ላይ በተቀመጠ ዘንቢል ውስጥ አስቀምጣ ነው የምትገባው። ነገሩ እንዲህ ከጠበቀ ሁለት ዓመት አይሆነውም። አንድ ሠርግ ላይ ፎቶ ያነሣችው ልጅ ካሜራዋ ፎቶውን በቀጥታ ወደ ስልክ የሚልክ ነበር፤ ስልኩ ደግሞ የቤት ሰው ሁሉ የሚነካካው። ሳምንት ሳይሞላ የሙሽራዋ የተፈታ ፀጉር በቴሌግራም ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ዞረ። ሙሽራዋ ወራት ሙሉ ገበያ አልወጣችም።

ያቺ ሙሽራ የወይዘሮ ሪሀና የእህት ልጅ ነበረች። ሪሀና ጃጁራ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ቃሏ የሚከበር ሴት ናት። የራሷ ልጅ ኢክራም የምትዳርበት ጊዜ ሲደርስ «በልጄ ሂና ካሜራ የሚባል ነገር አላይም» ብላ ማለች። ኢክራም አለቀሰች፣ የሱምያ የልጅነት ጓደኛ ናትና ወደ ሱምያ ደወለች። ሱምያ በነጋታው ጃጁራ ወረደች።

ንግግሩን እሷው ናት የነገረችኝ።

«ካሜራ ከስልክ በምን ይለያል?» አለች ሪሀና። «ሁሉም ይልካል።»

«የማይልክ ባመጣስ እትዬ?»

«እንዲህ ያለ ደግሞ አለ?»

«አለ።»

«ፎቶውስ የት ያድራል?»

«ሚሞሪው ላይ። ሚሞሪው ደግሞ እርስዎ ዘንድ ያድራል። ሲያልቅ እዚያው ፊትዎ አውጥቼ መዳፍዎ ላይ ነው የማስቀምጠው። እኔ ባዶዬን እወጣለሁ።»

ሪሀና በእጇ የነበረውን ጨርቅ አጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረች። በመጨረሻ «አምጪውና ልየው» አለቻት።

«የማይልክ ካሜራ መኖሩን ታውቂ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አላውቅም» አለችኝ ሱምያ። «ስወጣ ነው ያሰብኩት።»

ዕቁቧ በዚያ ወር ደርሷት ነበር። ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ አብሬያት ገበያ እንድሄድ ለመነችኝ፤ ካሜራ የሚሸጠው ኤርሚያስ ተማሪዬ ስለነበረ እንዳያታልላት ነው። ኤርሚያስ ያገለገለ ካሜራ ከአዲስ አበባ እያመጣ ይሸጣል። ለሒሳብ ደካማ ነበር፤ ለሌላ ሰው ገንዘብ ግን ጎበዝ ወጥቶታል።

«ቲቸር! ይግቡ ይግቡ!» ብሎ ወንበር ጠረገልኝ። ከዚያ አንድ ጥቁር ካሜራ አወጣ፤ ሌንሱን ሲያዞረው አፉ ወደፊት ተመዘዘ። «ይኸውልሽ። ዙሙ ሩቅ ያመጣል፣ ዋይፋይ አለው። እዚህ ትጫኚያለሽ፣ እዚያ ስልክሽ ላይ ዱብ! የያዝሽው ብር ይበቃል። ይህን አንጠልጥለሽ ስትገቢ ሰው ገና ሳታነሺ ያከብርሻል።»

እውነቱን ነው። በኛ ከተማ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺ የሚመዘነው በሌንሱ ርዝመት ነው። አጭር ሌንስ የያዘ ሰው ድግሱን ሊበላ የመጣ ይመስላቸዋል።

«የማይልክ ነው የምፈልገው» አለች ሱምያ።

ኤርሚያስ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለች?»

«ሰምተሃታል» አልኩት።

«እህቴ፣ ሰው ሁሉ የሚልከውን ነው የሚለምነኝ!»

«ሰው ሁሉ ይግዛዋ! ለኔ የማይልከውን አውጣልኝ።»

እያጉረመረመ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ አሮጌ ካሜራ አወጣ፤ መያዣው ላይ ጎማው የተላጠ። ዋይፋይ የሚባል ነገር ሳይገባበት የተሠራ ነው። ከጎኑ ጣት የማታህል አጭር ሌንስ አስቀመጠ። «ይሄ ዙም የለውም። መቅረብ ስትፈልጊ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ደግሞ በዚህ ካሜራ ላይ በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ ቀለበቱን በእጅሽ እያዞርሽ ነው። ቲቸር ፊት አልዋሽም። በራሱ የሚያደርገው ሌንስ ዋጋው ካንቺ አቅም ያልፋል።»

«መጋረጃውን ዝጋልኝ» አለችው።

«ለምን?»

«የእትዬ ሪሀና ጓዳ መስኮቱ አንድ ነው። መብራቱንም አጥፋ።»

ሱቁ ጨለመ። እኔን ጥግ ላይ አስቀመጠችኝና በመጀመሪያ በአፈ ረጅሙ ካሜራ አነሣችኝ። ፍላሹ በራሱ ተነሥቶ ዓይኔን አጥበረበረው። ፍላሹን ከልክላ ደገመችው፤ በካሜራው የኋላ መስታወት ላይ የታየው የጭስ ክምር የመሰለ ነገር ነበር። ከዚያ አሮጌውን አነሣች። የመጀመሪያው ፎቶ ጆሮዬን አጥርቶ ፊቴን አደበዘዘው። ሁለተኛው ከኋላዬ የነበረውን ካርቶን አሳመረው።

«ቲቸር ፈተና የወደቁ ነው የሚመስሉት» አለ ኤርሚያስ።

በሦስተኛው ላይ ፊቴን አየሁት። በበሩ ስንጥቅ የገባችው የብርሃን ክር ጉንጬ ላይ አርፋለች። የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ ሲሆን ብዙ ብርሃን እንደሚያስገባ ሰሌዳ ላይ ስዬ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ተማሪዬም አንገቱን አስግጎ አየው።

«ይሄን እወስዳለሁ» አለች።

ማታ ኑሪ ሲያየው ሳቁ በአጥሩ አልፎ ተሰማኝ። «የዘይት ጀሪካን ክዳን ነው እንዴ የገዛሽው? በዚያ ሁሉ ብር? ተሳፋሪዎቼ ቢያዩት ምን ይሉኛል?»

«ተሳፋሪዎችህን አላነሣም።»

«ተመልሶ ይቀየር!»

«ካሜራው የኔ ነው፤ ዕቁቡም የኔ ነው። አንተ መኪናህን ንዳ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያገኘችውን ሁሉ ስታነሣ ሰነበተች፤ ዶሮዎቼን፣ የኑሪን ጢም፣ የባለቤቴን የእርጅና እጅ። በሌንሱ ቀለበት ላይ በጥፍር ቀለም ሁለት ነጥብ አደረገችበት፤ አንዱ ክንድ ያህል ርቀት፣ ሌላው ሁለት እርምጃ። በጨለማ ሳታይ በጣቷ ዳብሳ እስክታገኛቸው ድረስ ለመደች። የተበላሸውን እየሰረዘች እንደገና ታነሣለች። አንድ ጊዜ ተስፋ ቆርጣ አጥሩ ሥር ቁጭ ስትል አየኋት። ላጽናናት ስጠጋ «አይናገሩኝ ቲቸር» አለችኝ። ወደ ዶሮዎቼ ተመለስኩ። ሪሀናም ካሜራውን አገላብጣ አየችው፤ ሚሞሪውን ራሷ አውጥታ፣ ራሷ መልሳ ከከተተችው በኋላ ፈቀደች።

የሂናው ቀን ኑሪ እኔንም ጃጁራ ወሰደኝ። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀምጠናል። የሙሽራው ወገኖች የሙሽራዋን ልብስ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከፊት የተቀመጠው የሙሽራው ታላቅ ወንድም ኢብራሂም ነው፤ የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ድምፀ ትልቅ። የሠርጉን ፎቶ አንሺዎች የቀጠረውም እሱ ነበር። ሱምያ ያቺን አጭር ሌንስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስታልፍ ለጎረቤቱ «ሌሎቹ ካሜራ ይዘዋል፣ ይቺ መነጽር ይዛለች» አለውና ሳቁ። ኑሪ ወደ ጫማው አቀረቀረ።

በሩ ተዘጋ። ከበሮ ተሰማ። ከእኩለ ቀን በኋላ መብራት ጠፋ፤ ከውስጥ «ኡይ!» የሚል ጩኸት፣ ቀጥሎ ሳቅ፣ ከዚያ ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ። ኑሪ ጆሮዬ ሥር «አለቀላት ቲቸር፣ በዚህ ጨለማ ምን ታነሣለች?» አለኝ። እኔ ግን የሱቁን ፎቶ አስታወስኩ።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ወጣች። ግንባሯ ላይ ላብ፣ እጇ ላይ የተነካካ ሂና። ኢብራሂም ብድግ አለ።

«ነይ እስቲ። ሚሞሪውን አምጪው፣ ለአልበም ከሌሎቹ ጋር ይገባል።»

«እኔ ዘንድ የለም» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«እትዬ ሪሀና ዘንድ ነው። ስምምነታችን ነው።»

«የሚከፍለው የወንዱ ቤት ነው እኮ! ቢያንስ አንዷን ልይ። ሙሽራውም ይያት፣ ሚስቱ አይደለችም?»

«ነገ በዓይኑ ያያታል። ምን አስቸኮለው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ኢብራሂም ካሜራውን ከአንገቷ ላይ አውጥቶ ተቀበላት፤ አልታገለችውም። ቁልፉን ተጫነ፣ ደግሞ ተጫነ። መስታወቱ ላይ ሚሞሪ ካርድ የለም የሚል ምልክት ብቻ ነው የሚበራው። አንድ ትልቅ ሰው ባዶ ዕቃ ውስጥ የሌላ ሰው ሳቅ ሲፈልግ አየሁ። ያን ጊዜ ራሴንም ታዘብኩት፤ እኔም በልቤ ብታሳየኝ ብዬ ተመኝቼ ነበርና። ያስተማርነው ሁሉ ማየት መብት ነው የሚል ነው። ማን ሰጠን? ሴቶቹ በራቸውን ዘግተው የሳቁትን ሳቅ ለማየት የኔ መማርም የሱ ከፋይነትም ፈቃድ አይሆኑም። ዛሬ ሁሉ ነገር ለሁሉ ሰው ይታይ የሚሉ ወጣቶች ቢቆጡኝ ይቆጡ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሐሳቤን አልለውጥም።

ኑሪ ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል። «ሱምያ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ግቢና አምጪለት!»

«አልገባም።»

«ወንድምሽ ነኝ!»

«ወንድሜ ብትሆንም አላሳይህም። እህትህ የሰው ምስጢር ትሸጣለች እንዲባል ትፈልጋለህ?»

ኑሪ ተመልሶ ሲቀመጥ ወንበሩ ተንጫጫ።

ኢብራሂም አሁን በእልህ ነው የሚናገረው። «እንግዲያው ሰባራ ሳንቲም አታገኚም። ከዛሬ በኋላ ደግሞ በዚህ አገር ሠርግ ላይ ካሜራ አንጠልጥለሽ እንዳላይሽ!»

«እኔ የምሠራበት ክፍል አንተ አትገባም» አለችው ሱምያ፣ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ። «የት ታየኛለህ?»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አፋቸውን በጋቢያቸው ጋረዱ።

በዚህ መሐል የቤቱ በር በግማሽ ተከፈተ። ሪሀና ትወጣለች ብዬ ጠበቅኩ፤ የወጣችው ግን ሕፃን ያዘለች፣ ሻርፗን ገና እያስተካከለች ያለች ወጣት ሴት ናት። የኢብራሂም ሚስት መሆኗን ያወቅኩት ሲያያት ድምፁን ዝቅ በማድረጉ ነው። ባሏን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ሱምያ ሄደች።

«የእህቴ ሂና በሚቀጥለው ወር ነው» አለቻት፣ ሁላችንም እየሰማን። «ዳምቦያ ነው። ትመጫለሽ?»

 ኢብራሂም «አንቺ…» ብሎ ጀመረ።

«የምከፍለው እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ፣ ፊቷን ሳታዞርለት። ከበስተኋላዋ በበሩ ክፍተት ሁለት ሦስት ሴቶች ብቅ ብለው ያያሉ፤ አንዷ ኩታዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቋን ታፍናለች።

ሱምያ እጇን ዘረጋች። ኢብራሂም ካሜራውን ትንሽ ከያዘው በኋላ መለሰላት። ገመዱን አንገቷ ላይ አጠለቀችና ሂና የነካካው ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

«እመጣለሁ» አለች። «በፊት ግን ክፍሉን ንገሪኝ። መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

ሴትየዋ የጀርባዋን ልጅ ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጋ አስተካከለችና፣ ድንኳኑ ሁሉ እያያት፣ በጣቷ አየር ላይ ቤቱን ትሥልላት ጀመር።