ቀረብ ብሎ የሚቆመው ቶቢን

ቶቢን ራከርትን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። አንድ በጋ እኛ ቤት ኖረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ወይ ሜዳ ነበር ወይ ተኝቷል። ከእኔ የተሻለ የሚጽፍለት ሰው እንደሚኖር አስባለሁ። እስካሁን ግን ጽፎ አላየሁም።

በየበጋው የኮሌጅ ቤዝቦል ተጫዋቾች ወደ ከተማችን ወደ ዌልደን ይመጣሉ፤ እኛም ተከፋፍለን ቤታችን እናሳድራቸዋለን። ባለቤቴ ሎርና ቶቢንን የመረጠችው በቁመቱ ነው።

«አምፖል የሚቀይርልኝ አገኘሁ» አለች።

ቶቢን የሚጫወተው መሐል ሜዳ ከኋላ ነው፤ በዱላ ከሚመታው መቺ ርቆ ይቆምና የተመታውን ኳስ በጓንቱ ቀልቦ ወደ ውስጥ ይወረውራል። ሲመጣ የሚያውቀው አልነበረም። ስሙ የተነሳው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሌሎች ከሚቆሙበት በጣም ወደ ፊት ቀርቦ ይቆማል፤ ኳሱ በአናቱ ሲያልፍ ዞሮ ሮጦ ይደርስበታል። ሁለተኛ፣ እሩቅ አይወረውርም፤ ኳሱን ቅርብ ላለው ጓደኛው ይሰጣል።

«ጨዋታ ማወቅ ማለት ይሄ ነው!» ይላል አሰልጣኙ ዶብስ። «እናንተ እሩቅ የምትወረውሩት ለሴት ጓደኞቻችሁ ለመታየት ነው!»

ተመልካቾቹ ደግሞ ከእንጨቱ መቀመጫ ላይ ሆነው፣ «ቶቢ፣ ትንሽ ቅረብና ለመቺው ከሚወረውረው ልጅ እጅ ተቀበለው!» እያሉ ይጮሁበት ነበር። እሱም ይስቃል።

ሰኔ ሲያልቅ ለፕሮፌሽናል ክለቦች ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ከሁሉ የሚያዘወትረው ሃስኬል የሚባል፣ የሱፍ ፍሬ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። ክለቦቹ ተጫዋቾቻቸውን የሚመርጡት በቀጣዩ ሳምንት ነበር።

«እርስዎ ቤት አይደል ያለው?» አለኝ አንድ ቀን። «እንዴት ነው ልጁ?»

«ጥሩ ይበላል» አልኩት።

ሃስኬል የሱፉን ልጣጭ ተፋ። «ሩጫውን አይቻለሁ፤ አመታቱንም አይቻለሁ። ክንዱን ግን አላየሁም። ቅዳሜ ጠዋት ከሜዳው መጨረሻ፣ ከግድግዳው ሥር እስከ መቺው ቦታ ይወርውርልኝ። ከደረሰ ስሙን አስገባለሁ፤ ካልደረሰ የለሁበትም።»

ሐሙስ እራት ላይ የወጥ ቤቱ አምፖል ተቃጠለ። ቶቢን ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ወጣና በግራ እጁ ፈታው። የሚወረውረው በቀኙ ነው። ቀኝ ክርኑ ከጎኑ አልተላቀቀም።

«ያን ሁሉ ቁመት ለምንህ ነው የተሸከምከው?» አለችው ሎርና እየሳቀች።

«ለጌጥ ነው፣ ሚስስ ሎርና።»

እሷ ምንም አላየችም። እኔም አይቼ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ግን ያ ቀርቦ መቆሙና ያ እሩቅ አለመወርወሩ ከሐሳቤ አልወጣም።

ቅዳሜ በፒካፕ መኪናዬ ወደ ሜዳው አደረስኩት። መንገድ ላይ ስለ ንፋሱ አወራን። ስንደርስ ሃስኬል ከግድግዳው ሥር፣ አጠገቡ የኳስ ባልዲ አስቀምጦ ቆሟል። እጁን አወዛወዘልን። ሞተሩን አጠፋሁ። እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ቢሆንም ጠየቅሁት።

«ቶቢን፣ ቀኝ እጅህ ወደ ላይ ይነሳልሃል?»

ጓንቱን ጭኑ ላይ አገላበጠው። ከዚያ በግራ እጁ ተሻግሮ የመኪናውን በር ከፈተ።

«ይህን ባልመልስልዎ ደስ ይለኛል፣ ሚስተር ኦርቪል» አለኝና ወረደ።